ክብረትና የጠመኔው ኮረብታ

ሰው ሁሉ አሜሪካ ሲገባ የሚጠይቀው ስለ ሥራና ስለ ቤት ኪራይ ነው። ክብረት የጠየቀችው ስለ ድንጋይ ነው። ይህን የምለው ላሽሟጥጣት አይደለም። ደህና፣ ትንሽ ላሽሟጥጣትም ነው። ስንትና ስንት ዓመት ጎረቤቷ ሆኜ፣ መኪናዬን እንደ ታክሲ አዝዛ በየኮረብታው ጎትታኛለችና ይህቺ መብቴ ትመስለኛለች።

ስትመጣ ያረፈችው ዳላስ፣ ቪከሪ ሜዶ በሚባል ሰፈር እኔ ከነበርኩበት አፓርታማ ነው፤ እሷ ከትንሿ ልጇ ከሐይማኖት ጋር ላይኛው ፎቅ፣ እኔ አስካለማርያም ታች። እኔ ኦርቶዶክስ ነኝ፣ እሷ ጴንጤ። በሃይማኖት ጉዳይ ብዙ ጊዜ ተኮራርፈናል፤ ግን ኩርፊያችን ልብስ ታጥቦ እስኪወጣ ድረስ እንኳ አይቆይም፤ ምክንያቱም ልብስ ማጠቢያው ቤት የሚያገናኘን አንድ ነው።

ከአፓርታማችን ብዙ ሳይርቅ ዋይት ሮክ የሚባል ሐይቅ አለ። የዳላስ ሰው ይሮጥበታል፣ ብስክሌት ይነዳበታል፣ ሙሽሮች ፎቶ ይነሱበታል። በመጣች በወሩ ይዣት ሄድኩና ሣር ላይ ቁጭ ብለን አየር ስንቀበል፣ «አስኩ፣ ነጩ ድንጋይ የቱ ጋ ነው?» አለችኝ።

«የምን ነጭ ድንጋይ?»

«ዋይት ሮክ አይደል የሚባለው? ድንጋዩ የታለ?»

እኔ እዚያ ሐይቅ ዳር ከስንት ሰው ጋር ሽርሽር ወጥቻለሁ፣ አንድ ጊዜ እንኳ ይህ ጥያቄ በጭንቅላቴ አላለፈም። «ስሙ ነው እንጂ» አልኳት። እሷ ግን ተነሳች። የሚሮጠውን ሰውዬ አስቆማ ጠየቀች። ዓሣ የሚያጠምደውን ጠየቀች። ፖሊሱን ጠየቀች፤ ፖሊሱ እንደ ጠፋች ቆጥሯት አድራሻዋን ጠየቃት። ሁሉም ትከሻቸውን ነቀነቁ። «ስም ዝም ብሎ ከሜዳ አይወጣም» አለችና የሐይቁን ዳር ይዛ መንገዷን ቀጠለች። እኔም እያጉረመረምኩ ተከተልኳት።

ያገኘችው ግድቡ ሥር ነው። ውሃው አፈሩን ጠርጎ ከስሩ ነጭ ድንጋይ አውጥቷል። ለካ አገር ምድሩ ሲረግጠው የኖረው ነው። በቁልፏ ፋቀችው፣ በጥፍሯ ፋቀችው፣ ሁለት ቁራጭ ወደ ቦርሳዋ ከተተች። እኔ ለመጸዳዳት ሄጄ ስመለስ ጥቁሯ መኪናዬ በር ላይ ሀ፣ ሁ፣ ሂ እያለች ሆ ደርሳለች። ምን እንዳልኳት እዚህ ላይ አልጽፈውም።

«ጠመኔ ነው!» አለችኝ፣ ስድቤን አንድም ሳትሰማ። «አስኩ፣ ጠመኔ እኮ ነው!»

ነገሩ እንዲህ ነው። ክብረት አገር ቤት የአንደኛ ክፍል አስተማሪ ነበረች፣ መተሐራ፣ ስኳር ፋብሪካው ትምህርት ቤት። የመተሐራ ድንጋይ ጥቁር ነው፤ ድሮ ከፈንታሌ የፈሰሰ እሳት ቀዝቅዞ የቀረ፣ ከሰል የመሰለ። ነጭ ነገር ከተባለ ስኳሩና ጠመኔው ነው። ያን ሁሉ ዘመን ጠመኔ ስትተነፍስ ኖራ ጠመኔ ከመሬት ይወጣል ብሎ የነገራት የለም። እሷ እንደምታውቀው ጠመኔ የሚወጣው ከመጋዘን ነው፣ ያውም ርዕሰ መምህሩ ሲፈቅድ።

ነገሩ በዚያ ያበቃ መስሎኝ ነበር። አላበቃም። ልጇ ሐይማኖት አድጋ ዴንተን ዩኒቨርሲቲ ስትገባ እናትየው መጀመሪያ ያዘዘቻት የድንጋዩን ነገር አጣርታ እንድትነግራት ነው። ልጅቷ በስልክ እንዲህ አለች፦ «ማሚ፣ ቾክ ነው እኮ። ላይክ፣ ከዳላስ ሥር ያለው ብዙው ቾክ ነው። ድሮ ኦሽን ነበር፣ ሶ ትንንሽ ነገሮች፣ ሼል ያላቸው፣ ሞቱና ታች ተጠራቀመ። እንግሊዝም ሴም ነገር አለ። ኦኬ? ክላስ አለኝ።»

«ባሕር!» አለችኝ ክብረት ስልኩን ዘግታ። «የቆምንበት ባሕር ነበር!»

«አሁን ፓርኪንግ ነው» አልኳት። ግን እውነቱን ለመናገር ያን ቀን መሬቱን አየት አድርጌያለሁ።

ኋላ ሁለታችንም ግራንድ ፕሬሪ የምትባለው ጎረቤት ከተማ ገባን። እኔ ዌርሀውስ ነው የምሠራው፣ ዕቃ መጫን፤ እሷ ደግሞ በየቤቱ እየሄደች አረጋውያንን ትንከባከባለች። እሷ ሐሙስም ኦፍ ናት፤ ሰኞ ሰኞ ግን ሁለታችንም ኦፍ ነን። ሌላ ሰው በኦፉ ይተኛል። እኔ ከክብረት ጋር ሲዳር ሂል እወጣለሁ። እዚያ የቴሌቪዥኖቹ ረጃጅም አንቴናዎች የቆሙበት ከፍታ ሁሉ ጠመኔ ነው፤ ከተማው ድንገት ወደ ታች የሚሰበርበት ጠርዝ። መንገድ የተቆረጠበት ቦታ ላይ ጎኑ እንደ ተቆረጠ አይብ ነጭ ሆኖ ይታያል። ክብረት መንገድ ዳር «ሲኒክ» ምናምን፣ ማለትም ጥሩ ዕይታ አለ የሚል ምልክት ካየች አለቀልኝ፣ ፓርክ ማድረግ ነው።

እኔ የደሴ ልጅ ነኝ። የጦሳን ተራራ እያየሁ ነው ያደግሁት። መጀመሪያ ቀን ያን ኮረብታ ሳየው ሳቄ መጣ። «ይሄ ደሴ ቢሆን ደረጃ ነበር የሚባለው» ብዬ በስሊፐር ወጣሁ። የጠመኔ መንገድ ደረቅ ሲሆን ደግ ነው፣ እርጥብ ሲሆን ሳሙና ነው። በእግሬ ወጥቼ በመቀመጫዬ ወረድኩ። ከዚያ ወዲህ ስፖርት ጫማ አደርጋለሁ፣ ስለ ጦሳም ብዙ አላወራም። ላዩ ላይ ግን ደስ ይላል፣ አልዋሽም። ሌላ ሐይቅ ከታች ይተኛል፣ ነፋሱ አያቋርጥም፣ ከሩቅ የዌርሀውሶቹ ጣራ ይታያል። ዓመት ሙሉ ከውስጥ የማየውን ጣራ ከላይ ሳየው ምን ያህል ትንሽ እንደሆነ ገረመኝ።

እንግዲህ ሚስ ዊኒ የመጡት በዚህ መሀል ነው። የምትሠራበት ድርጅት ክብረትን ዳንከንቪል አንዲት አሮጊት ቤት መደባት። ሰማንያ ስድስት ዓመታቸው ነው፣ ለብቻቸው ይኖራሉ፣ የሚንቀሳቀሱት ቤት ውስጥ በዱላ፣ ውጪ በዊልቸር ነው። እንግሊዛዊት ናቸው። በወጣትነታቸው እዚያ የነበረ አሜሪካዊ ወታደር አግብተው ቴክሳስ ገቡ፤ ባላቸው ከሞተ ቆይቷል። አንድ ልጅ አላቸው፣ ቶሚ፤ ሂውስተን ነው የሚኖረው። በእንግሊዝኛ አንቱ የሚባል ነገር የለም ይሉኛል፤ እኔ ግን እኚህን ሴት አንቺ ማለት አፌ እምቢ አለኝ።

ክብረት በመጀመሪያው ቀን ሥራዋን ትታ ግድግዳው ላይ ያለ ፎቶ ሥር ተገተረች። አረንጓዴ ክብ ኮረብታ ነው፣ ዛፍ የለበትም፤ ጎኑ ላይ አንድ ግዙፍ ነጭ ፈረስ አለ። «ይሄ ፈረስ በምንድን ነው የተሣለው?» ብላ ጠየቀች።

«በምንም አልተሣለም» አሉ ሚስ ዊኒ። «ሣሩ ተገፍፎ ነው። ከሥሩ ያለው ጠመኔ ነው። ያደግሁበት ኮረብታ ነው።»

ክብረት ያን ቀን ማታ ስትነግረኝ ጫማዋን እንኳ አላወለቀችም ነበር። ልጇ በስልክ ያለቻት የእንግሊዝ ጠመኔ በእግሩ መጥቶ ቤት ውስጥ ጠበቃት።

ከዚያ ወዲህ ከምሳና ከመድኃኒት ሰዓት በኋላ ሁለቱም የሚስ ዊኒ ታብሌት ስክሪን ላይ ይጣዳሉ። እዚያ አገር ያለውን የኮረብታ መንገድ ሰው እየሄደ ፎቶ አንስቶታል፤ በጣት እየገፉ መራመድ ነው። ክብረት ትገፋለች፣ ሚስ ዊኒ ያወራሉ። በጎች የጋጡት ሣር እንደ ምንጣፍ አጭር ነው። መሀሉን ነጭ መንገድ እየተጠማዘዘ ይወጣል። ጫፉ ላይ ነፋስ ያጎበጣቸው ጥቂት ዛፎች አሉ። ልጅ ሳሉ አባታቸው እሁድ እሁድ እዚያ ጫፍ ያወጧቸውና በዱላ እየጠቆሙ ከታች ያሉትን የየመንደሩን ቤተ ክርስቲያኖች ስም ይጠይቋቸው ነበር። ፈረሱን ደግሞ ሣር እንዳይበላው መንደርተኛው እየወጣ ያርመዋል፤ አዲስ ጠመኔ በባልዲ ተሸክሞ ያፈስበትና ይቀጠቅጠዋል። ሚስ ዊኒ ራሳቸው በልጅነታቸው የፈረሱን ጆሮ ቀጥቅጠዋል።

«መጀመሪያ የሠራው ማነው? ለምን ፈረስ? በግ አይበዛም እንዴ እዚያ አገር?» ትላለች ክብረት።

«ማንም አያውቅም።»

ይህቺ መልስ ለክብረት መልስ አይደለችም። እኔን ሌሊት እየደወለች «አስኩ፣ ለምን ፈረስ ይመስልሻል?» ትለኛለች። እኔ በሌሊት ሺፍት ዕቃ ማንሻው መኪና ላይ ሆኜ ስለ እንግሊዝ ፈረስ እንዳስብ ትፈልጋለች።

ታዲያ አንድ ቀን ለሚስ ዊኒ፣ «እዚህም እኮ የጠመኔ ኮረብታ አለ። ከዚህ ቤት በመኪና አሥር ደቂቃ ነው። ልውሰድዎ?» አለቻቸው።

«ውይ እንዴት ደስ ይላል» አሉ ሚስ ዊኒ። «ግን ለኔ ብለሽ አትቸገሪ።»

«እሺ» አለች ክብረት። በዚያው ቀረ።

በዚያው ቀረ! ይህን የሰማሁት ከስንት ጊዜ በኋላ ነው፣ ያውም እግረ መንገዷን ስታወራ። ቶሚ እናቱን ሂውስተን ሊወስዳቸው ወስኗል፤ አረጋውያን የሚኖሩበት ደህና ቤት አግኝቶላቸዋል፣ ቅዳሜ ትልቅ መኪና ይዞ ይመጣል። እሳቸውም ደስ ይለኛል ብለዋል። ዕቃው በካርቶን እየገባ ነው፣ የፈረሱ ፎቶ እንኳ ተጠቅልሏል። ክብረት እየነዳሁ አጠገቤ ተቀምጣ፣ «የሚያሳዝነው ኮረብታውን ሳያዩት መሄዳቸው ነው» አለች። «ሂውስተን ሜዳ ነው።»

«ለምን አትወስጃቸውም?»

«ጠይቄያቸው ነበር፣ አልፈለጉም። ግን ሰኞ በወጣሁ ቁጥር ማክሰኞ ይጠይቁኛል። ነፋስ ነበረው? መንገዱ ነጭ ነው? እስከ የት ይታያል? ይላሉ።»

መኪናውን ነዳጅ ማደያ አስገብቼ አቆምኩት። «አንቺ ሴትዮ» አልኳት፣ «እየተግደረደሩ እኮ ነው!»

«ፈረንጅ አይግደረደርም።»

«አትቸገሪ ነው ያሉት ወይስ አልፈልግም?»

«አትቸገሪ» አለች።

«ስንት ጊዜ ጠየቅሻቸው?»

«አንድ ጊዜ» አለች።

መቼም እዚህ አገር መጀመሪያ ስንገባ ያልተራበ የለም። አለቃዬ ፒዛ ትበያለሽ ሲለኝ ኖ ብዬ፣ ሁለተኛ እስኪለኝ ስጠብቅ ካርቶኑ ሲዘጋ አይቻለሁ። ቀስ በቀስ ሁላችንም ተማርን፤ ኖ ማለት ኖ ነው። ክብረት ግን ከሁላችንም የባሰ ነው የተማረችው። መጀመሪያ የተመደበችበት ቤት አንድ ሽማግሌ አልበላም ሲሏት እንደ እናቷ ልጅ ይብሉ፣ በሞቴ፣ አንዴ ብቻ እያለች ሦስት ጊዜ አቀረበች። ሽማግሌው ወደ ድርጅቱ ደውለው ሴትየዋ ታስገድደኛለች አሉ። ቢሮ ጠርተው፣ ደንበኛ አልፈልግም ካለ አልፈልግም ነው ብለው አስጠነቀቋት። ሥራዋን ልታጣ ነበር። ከዚያ ወዲህ ድንጋዩን፣ ሐይቁን፣ ፖሊሱን የምትነዘንዝ ሴት፣ ሰውን ምን ትፈልጋለህ ብላ የምትጠይቀው አንድ ጊዜ ብቻ ሆነ። ይህን ስረዳ አዘንኩላት፣ ተናደድኩባትም።

«ነገ ኦፍ ነሽ አይደል?» አልኳት። «እኔም ሺፍቴን እቀይራለሁ። እንደ ሠራተኛ ሳይሆን እንደ ጎረቤት እንሄዳለን። ሎሚ ኬክ ይዤ እመጣለሁ። ሴትየዋን ራሴ ነኝ የማያቸው።»

በማግስቱ፣ ሐሙስ መሆኑ ነው፣ ሄድን። ሚስ ዊኒ ቀጭን፣ ፀጉራቸው የተበጠረ፣ በካርቶን ተከበው እንደ እንግዳ ወንበራቸው ጫፍ ላይ የተቀመጡ ሴት ናቸው። የኔ እንግሊዝኛ የዌርሀውስ እንግሊዝኛ ነው፤ አንሳ፣ አስቀምጥ፣ ተጠንቀቅ። ለዚህ ሥራ ግን በቂ ነበር። ኬኩን አውጥቼ ጋበዝኳቸው።

«ውይ፣ አይሆንልኝም» አሉ እጃቸውን እያወዛወዙ።

ቆረስኩና ሳህን ላይ አደረግሁት። «ትንሽ» አልኳቸው።

«ገና አሁን ነው ቁርስ የበላሁት።»

ሳህኑን ጉልበታቸው ላይ አስቀመጥኩት።

«እንግዲያው በጣም ትንሽ» አሉ። ያን በሉና ሌላም በሉ። ክብረትን ዞር ብዬ አየኋት። አፏን ከፍታ የሳቸውን ሹካ ታያለች።

«ሚስ ዊኒ» አልኩ፣ «ዛሬ ኮረብታው ላይ እንውሰድዎ?»

«ደጎች ናችሁ፤ ግን የእረፍት ቀናችሁ ነው፣ አታባክኑት።»

«እንሂድ።»

«ዊልቸሩ ከባድ ነው እኮ፣ ወገባችሁን ትጎዳላችሁ።»

«እኔ ከዚህ የከበደ ነው በቀን በቀን የማነሳው። እንሂድ።»

በመስኮቱ ወደ ውጭ አዩ። «ሩቅ ነው?» አሉ ከዚያ በዝግታ።

ክብረት ሳትናገር ተነስታ ካፖርታቸውን ልታመጣ ሄደች። ቁም ሣጥኑ ተጠርጎ ካርቶን ገብቷል፤ አንድ የቀረ ነገር ቢኖር ከበሩ ኋላ የተቀመጠ ወፍራም የመንገድ ጫማ ነው። ያ ጫማ እንዳይታሸግ ሚስ ዊኒ ራሳቸው ነግረዋት ነበር። ክብረት ጫማውን ይዛ ስትወጣ ፊቷን ብታዩት፣ አንድ ቃል መናገር አላስፈለገኝም። ያም ሆኖ ተናገርኩ። «አላልኩሽም?» አልኳት።

መጋቢት ነበር፣ ሰማዩ ጥርት ያለ፣ ነፋሱ ቀዝቃዛ። ፓርክ አድርገን ዊልቸሩን አወረድን። አብዛኛው መንገድ የተነጠፈ ነው፣ ክብረት እየገፋች ሰተት ብለን ሄድን። መጨረሻው ላይ ግን ንጣፉ ያልቃል። ከዚያ እስከ ጠርዙ ነጭ፣ ጉርብጥብጥ ያለ ዳገት ነው። ከቆምንበት የሚታየው የጥድ ዛፍ ብቻ ነው።

«እዚህ ይበቃል» አሉ ሚስ ዊኒ። «ከዚህ በደንብ ይታየኛል።»

«ምን ይታየዎታል?» አለች ክብረት።

ሚስ ዊኒ ጥዱን አዩት። «ዛፉ» አሉ።

ክብረት ሳቀች። ከዚያ ወደኔ ዞራ፣ «አስኩ፣ ፊቱን ያዢ» አለችኝ። እኔ ከፊት እየጎተትኩ፣ እሷ ከኋላ እየገፋች፣ ጎማው በየስንጥቁ እየተቀረቀረ ወጣን። ምን ዓይነት ቅጥቅጥ ነው መሰላችሁ! እሳቸው በየመንገጫገጩ ይቅርታ ይጠይቃሉ፣ እኔ በየመንገጫገጩ በአማርኛ እሳደባለሁ፣ ክብረት የድንጋዩን ንብርብር ታሳያቸዋለች። ያን ጊዜ እንኳ አፏ አላረፈም።

ጫፉ ላይ ስንደርስ ፍሬኑን ያዝን። ሐይቁ፣ ዛፉ፣ ከሩቅ ከተማው። ሚስ ዊኒ ለረጅም ጊዜ አዩ። እኛ ላባችንን እየጠረግን ፊታቸውን እናያለን።

«የኛን ኮረብታ ምንም አይመስልም» አሉ በመጨረሻ።

ክብረት ፊቷ ወደቀ።

«ሣሩ ሌላ ነው። ዛፉ ሌላ ነው። በግ የለም። እንዲህ ሰፊ ሰማይም የለንም እኛ።» ከዚያ ዱላቸውን ሰጥተውኝ ጎንበስ አሉና ከእግራቸው ሥር አንድ ቁራጭ አነሱ። በጣታቸው አሹት። ጣታቸው ነጭ ሆነ። ወደ አፍንጫቸው አስጠጉት። «ይሄ ግን ራሱ ነው» አሉ። ዓይናቸው ሞላ።

ቆይተው ነገሩን። ባላቸው በሕይወት ሳለ፣ ገና ዳንከንቪል ቤት እንደ ገዙ፣ አንድ ቀን በዚህ መንገድ ሲያልፉ የተቆረጠውን ነጭ ጎን አይተው ልባቸው ዘሎ ነበር። ባላቸው ልብ ብሎት፣ መውጣት ትፈልጊያለሽ ወይ አላቸው። ሙቀት ነበር፣ ደክሞታል። ግድ የለም አሉት። እሱም ግድ የለም ካልሽ ብሎ ነዳ። ከዚያ ወዲህ አርባ ምናምን ዓመት አለፈ። «መጥፎ ሰው አልነበረም» አሉ። «ጠይቆኛል እኮ። መልሴን ነው ያመነው።»

እኔ የዊልቸሩን ፍሬን እንደገና አጠበቅሁ። ክብረት ግን እያሰበች ነበር። አንድ ነገር ሲከነክናት ቅንድቧ አንድ ላይ ይገጥማል። ዊልቸሩን ዞራ መጣችና አንደኛ ክፍል ተማሪ ፊት እንደምትቀመጠው ጠመኔው ላይ ቁጢጥ አለች።

«ሚስ ዊኒ» አለች፣ «ሂውስተንስ?»

እጃቸው ጠመኔውን እንደያዘ ቆመ። «ቶሚ ብዙ ደክሞልኛል። ክፍሉ ደስ የሚል ነው አሉ፣ መስኮት አለው።»

«መሄድ ይፈልጋሉ?»

«ሁሉ ነገር ተዘጋጅቷል እኮ፣ ልጄ። ፈቃድ ጠይቆ ቅዳሜን አስለቅቋል።»

ክብረት ወደኔ አየች። ድርጅቱን፣ ሽማግሌውን፣ ማስጠንቀቂያውን እያሰበች እንደሆነ አውቃለሁ። ፈርታ ነበር። እኔ ራሴ ፈራሁላት፤ የሰው ቤተሰብ ጉዳይ ነው፣ ሥራዋ ነው። ያም ሆኖ እጃቸውን ያዘችና ጠየቀች።

«ሦስተኛ ልጠይቅዎ ነው። እኛ አገር ሦስተኛው ነው የእውነቱ። ሂውስተን መሄድ ይፈልጋሉ?»

ሚስ ዊኒ ራሳቸውን ግራና ቀኝ ነቀነቁ፤ አንዴ፣ ከዚያ እንደገና፣ ከዚያ መነቅነቁን ማቆም አቃታቸው።

«ለቶሚ እንደውልለት» አለች ክብረት።

«ሥራ ላይ ነው፣ ባናስቸግረው...» አሉ። ሁለታችንም ስናያቸው እንባቸውን እየጠረጉ ሳቅ መጣባቸው። «እሺ» አሉ። «ደውይ።»

ክብረት ደወለችና ስልኩን ድምፁን ከፍ አድርጋ ጭናቸው ላይ አስቀመጠችው።

«ሃሎ? ክብረት? እማዬ ደህና ናት?»

«ደህና ነኝ» አሉ ሚስ ዊኒ። «ኮረብታ ላይ ነኝ።»

«የት?»

«ቶሚ፣ እሺ ያልኩህ እንዳይከፋህ ብዬ ነው።»

ነፋሱ ስልኩ ውስጥ ይገባል። ልጁ ምን ማለታቸው እንደሆነ ለመረዳት ጊዜ ወሰደበት።

«ሂውስተኑን ነው የምትይው? እማዬ፣ ጠይቄሽ ነበር እኮ! ደስ ይለኛል ነው ያልሽኝ። ለምን አልነገርሽኝም?»

«ጠይቀኸኛል» አሉ ሚስ ዊኒ። «አንድ ጊዜ።»

ክብረት እንባዋ ሳይታወቃት ይወርዳል። እኔም አልቅሻለሁ፣ በነፋሱ አላሳብብም። ስልኩ የተቋረጠ መስሎኝ ጎንበስ ብዬ ላየው ስል ድምፁ ተመለሰ፤ የትልቅ ሰው ድምፅ አልነበረም።

«እማዬ፣ ሂውስተን መምጣት ትፈልጊያለሽ?»

«አልፈልግም፣ ልጄ» አሉ ሚስ ዊኒ።